ማሽኑ ደርሷል፣ ቤቱ አልደረሰም

ጅግጅጋ ውስጥ የባነር ማሽን ያለው ሰው ሁሉ ይህን ምሬት ያውቀዋል። ጅቡቲ የተራገፈው ሳጥን ድሬዳዋን አልፎ፣ ሐረርን አልፎ፣ በባቢሌና በዳካታ ሸለቆ ተንገጫግጮ ካራማራን ሲወርድ ስልክ ይደወላል። «ማሽኑ እየገባ ነው፣ ጫኝና አውራጅ ጥሩ» ይባላል። ሰው ወደ ቤቱ ዞሮ የሚያየው ያኔ ነው። ወለሉ ተሰነጣጥቋል። በሩ ጠባብ ነው። የገባው መብራት አንድ ፌዝ ነው። ኮርኒስ የሚባል ነገር የለም፣ ቆርቆሮው ከነምስማሩ ይታያል። ማሽኑን ለማምጣት ስንት ወር ተለፍቷል፣ በስንት ቢሮ ደጅ ተጠንቷል፤ ስለሚቀመጥበት ክፍል ግን አንድ ከሰዓት እንኳ ቁጭ ብሎ ያሰበ የለም።

ደክሞናል። የባነር ኅትመት ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ካየሁት ብልሽት ውስጥ አብዛኛው ከማሽኑ የመጣ አይደለም፣ ከቤቱ የመጣ ነው። ቀለም የሚረጨው ሄድ የተደፈነው በአቧራ ነው፤ ቦርዱ የተቃጠለው ኧርዝ ስለሌለ ነው፤ ባነሩ የተጨማደደው ወለሉ ልክ ስላልሆነ ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ግን አልተቻለም። «የቻይና ዕቃ እኮ ነው» ተብሎ ይዘጋል። የቻይናም ይሁን የጃፓን፣ የትኛውም ፋብሪካ ማሽኑን ሲሸጥ አብሮ የሚልከው ወረቀት አለ። ሙቀቱ ይህን ያህል፣ እርጥበቱ ይህን ያህል፣ ወለሉ እንዲህ፣ መብራቱ እንዲህ ይላል። ያ ወረቀት ከሳጥኑ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ከሳጥኑ ጋር አብሮ ይጣላል።

የማወራው ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ፕሪንተር አይደለም። 3.2 ሜትር ስፋት ያለው ፍሌክስ፣ ማለትም የባነር ፕላስቲክ፣ የሚያትም ማሽን ከነሳጥኑ ርዝመቱ አምስት ሜትር ይጠጋል፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ይደርሳል። የሚጎርሰው ሮልም ቀላል አይደለም። ባለ 440 ግራሙ ፍሌክስ፣ 3.2 በ50 ሜትር የሆነው፣ 160 ካሬ ነው፤ 70 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው ከማሽኑ ጀርባ ሊያስገቡት ሲሉ መዞሪያ ይፈልጋሉ። ከኋላ አንድ ሜትር ተኩል ያስፈልጋል፤ ከፊት የታተመው ሳይነካካ የሚደርቅበት ከዚያ የሰፋ ቦታ፤ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ቴክኒሻኑ ክዳን ከፍቶ እጁን የሚያስገባበት። ስድስት ሜትር ተኩል ርዝመትና አምስት ሜትር ስፋት ያለው ክፍል ቢገኝ እንኳ ተጣቦ ነው። ለኪራይ የሚቀርበው ሱቅ ግን አራት በአራት ነው። ለጫማ፣ ለጨርቅ፣ ለሞባይል ዕቃ ተብሎ የተሠራ ነው። እዚያ ውስጥ ማሽኑን በሰያፍ አግብተው፣ ጀርባውን ከግድግዳ አጣብቀው ሲሠሩ አይቻለሁ። ሮል በተቀየረ ቁጥር ማሽኑን ይገፉታል፤ በተገፋ ቁጥር ልኩ ይዛባል።

ገበያ የለም እንዳይባል ገበያው አለ። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በኅዳር 2006 ጅግጅጋ ላይ ተከብሮ፣ በኅዳር 2016 ደግሞ 18ኛው እዚሁ ተመልሶ መጥቷል። ከዚያ ውጭ በየወሩ ምርቃት አለ፣ ስብሰባ አለ፣ የክትባት ዘመቻ አለ፣ የዕርዳታ ድርጅት ታፔላ አለ። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ቀብሪ በያህ አዲስ ሱቅ የከፈተ ሁሉ ስሙን በሶማልኛም በአማርኛም አስጽፎ ከበሩ በላይ መስቀል ይፈልጋል። ሥራው ሞልቶ ሳለ ማሽኑ ቆሞ፣ ትዕዛዙን ተቀብለን ሐረር ወይም ድሬዳዋ ልከን አሳትመን በሚኒባስ የምናስመጣበት ቀን ግን ብዙ ነው። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከተማው ውስጥ ያሉት ማሽኖች በደህና ቤት ቢቀመጡ ኖሮ ያ ገንዘብ ካራማራን ተሻግሮ ባልሄደ።

ለማሽን ገንዘብ ይገኛል። በሊዝ ፋይናንስ ከሆነ 20 በመቶውን አንተ ስትቆጥብ የቀረውን አበዳሪው ይሸፍናል። በወለድ አልባው መንገድ ከሆነ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ በየወሩ እንድትከፍለው ይሸጥልሃል። ሁለቱም የሚያዩት ደረሰኝ ያለው፣ ቁጥር የተለጠፈበት ዕቃ ነው። ወለል ማፍረስ፣ መዳብ መቅበር፣ ግድግዳ መብሳት የሚባለውን ወጪ ይዘህ ብትሄድ ማን ይሰማሃል? ስለዚህ ሰው ያለውን ጥሪት በሙሉ ማሽኑ ላይ ያፈሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ባሰ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 በላይ ሆነ፤ የሄዱም፣ የቦርዱም፣ የቀለሙም ዋጋ አብሮ ወጣ። አንድ ሄድ ሲቃጠል ቀድሞ የወር ገቢ ይበላ ነበር፤ አሁን ሱቅ ያዘጋል። ቤት ማዘጋጀት የሚቆጥበው ገንዘብ ይህን ያህል በጨመረበት ጊዜ ነው ሰው ለቤቱ የሚያወጣው ያነሰው።

ከሁሉም ያስመረረን ወለሉ ነው። የጅግጅጋ ሜዳ ብዙው ጥቁር መረሬ ነው። በጂላል፣ በደረቁ ወቅት፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የጉ ዝናብ ሲመታው ጠጥቶ ያብጣል። በላዩ ላይ ስስ ሊሾ ብቻ የፈሰሰበት ክፍል ከአፈሩ ጋር ይነሳል፣ ከአፈሩ ጋር ይወርዳል። በመጋቢት በውሃ ልክ አስተካክለህ፣ እግሮቹን አጥብቀህ የተውከው ማሽን በሰኔ ስትለካው አንድ ጎኑ ጎድሎ ታገኘዋለህ። በዓይን አይታይም። የሚያሳብቀው ፍሌክሱ ነው። ከሮሉ ሲወጣ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሸሻል። አምስተኛው ሜትር ላይ ጠርዙ ይጨማደዳል፤ ሄዱ ከላዩ በሁለት በሦስት ሚሊ ሜትር ከፍታ ሲመላለስ የተጨማደደውን ይገጨዋል። ያች ግጭት ጠብ ብላ ነው የምትሰማው። ከዚያች ድምፅ በኋላ የሚወጣው ባነር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ መስመር ይሰመርበታል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ በጠጠርና በተመረጠ አፈር ሞልቶ መደምደም፣ ከዚያ ብረት ያለው ኮንክሪት ማፍሰስ። ይህን ልናደርግ አንድ አከራይ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን።

«አደር፣ ወጪውን እኛ እንችላለን፤ ወለሉን ብቻ አፍርሰን እንድንሠራው ይፍቀዱልን» አልናቸው።

«አቦ! አደር፣ ይሄ ቤት እኮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። ሦስት መቶ ኩንታል ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ነው የኖረው። ያንተ ማሽን ከሲሚንቶ ይከብዳል?»

«አይከብድም፤ ግን ወለሉ ይንቀሳቀሳል።»

«ወላሂ እዚህ ቤት ውስጥ ተንቀሳቅሶ የሚያውቅ ነገር የለም።»

ሽማግሌው ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ ስለ ሸክሙም አልተሳሳቱም። ሲሚንቶ በአንድ ጎን ሦስት ሚሊ ሜትር ቢወርድ ሲሚንቶ ነው። ማሽን ግን ያን ያህል ከወረደ ማሽን አይደለም። ይህችን ልዩነት ለአከራይ፣ ለግንበኛ፣ ለራሳችን ወንድሞች ጭምር ማስረዳት ጉሮሯችንን አድርቆታል።

ተፈቅዶልህ ብታፈስም ጣጣው አያልቅም። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀኑ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ሳይጠጣ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ውሃ ደግሞ በዚህ ከተማ በቦቴ የምትገዛበት ጊዜ አለ። በዚያው ሰሞን ማሽኑ በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ዘበኛ ይከፈልለታል፤ ከአዲስ አበባ ሊገጥመው በአውሮፕላን የመጣው ልጅ ሆቴል ተቀምጦ አበሉን ይቆጥራል፤ የብድሩ ክፍያ ወር ጠብቆ ይደርሳል። ባለቤቱ ይጨንቀዋል። በሳምንቱ «በቃ ደርቋል» ብሎ ቶን የሚመዝነውን ብረት እርጥቡ ላይ ያሳርፈዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ወለሉ በወሩ እግሩ ሥር ይሰነጠቅና ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። የሚያናድደው ይህ ሥራ ማሽኑ ባሕር ላይ ሳለ ሊያልቅ ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ቀብድ ከተከፈለበት ቀን ማሽኑ እስከ ገባበት ቀን ያለው ጊዜ ሁለት ወለል ያስፈስሳል።

የበሩን ነገር ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። አምስት ሜትር ሳጥን ከጠባብ ኮሪደር እንደማይዞር ለማወቅ ሜትር ብቻ ይበቃል። ግን አይለካም። ከአይሱዙው ላይ ወርዶ በሩ ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቀው። ከዚያ ወይ ግድግዳ ይፈርሳል፣ ወይ ማሽኑ ይፈታል። ጫኝና አውራጆቹ ደግሞ የሚይዙት በሚመቻቸው በኩል ነው፤ የሚመቸው ሄዱ የሚሄድበት ሐዲድ ነው፤ እሱ ከተጣመመ የሚያቃናው የለም። ፎቅ ላይ ሱቅ ተከራይቶ ማሽኑን በደረጃ ሊያወጣ የተነሳ ሰውም አለ። ሃያ ሰው ተሰልፎ፣ ገመድ ተጎትቶ፣ «ያ አላህ» እየተባለ። የልጆች እግር ሥሩ ነበር። ስለዚያ ቀን ሳስብ አሁንም ደረቴ ይጨንቀኛል።

መብራት። ስለ መብራት መጥፋት ማማረር እዚህ አገር አዲስ አይደለም፣ በእሱ ላይ ብዙ አልሄድም። የእኔ ምሬት፣ ያለው መብራት እንዴት እንደሚገባ ነው። ማሽኑ የራሱ ማሞቂያ አለው፣ ፍሌክሱን የሚስብ ፓምፕ አለው፣ ማድረቂያ አለው፤ ከጎኑ ኤሲ ይሠራል። ይህ ሁሉ ከጎረቤት ፍሪጅና ከበያጅ ጋር በአንድ ፌዝ ላይ ይንጠለጠላል። ቆጣሪው አንድ ነው፣ ሽቦው የድሮ ቀጭን ሽቦ ነው። በያጁ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ሲያሳርፍ አምፖላችን ይደበዝዛል፤ በዚያች ቅጽበት ሄዱ ያልፍበት የነበረው መስመር ፈዝዞ ይወጣል። ባነሩን ሲሰቅሉት ያ መስመር ልክ በባለሥልጣኑ ፊት ላይ ያልፋል። ደንበኛው አይቀበልም፤ እውነቱን ነው። በያጁን መውቀስ አይቻልም፣ እሱም እንጀራው ነው። መደረግ ያለበት ሦስት ፌዝ አስገብቶ ማሽኑን ለብቻው፣ ኤሲውን ለብቻው መስጠት፣ በመሃል ደህና ስታብላይዘር ማቆም ነው። ይህ ደግሞ ማሽኑ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ማመልከቻ ይፈልጋል። ማሽኑ በረንዳ ላይ ቆሞ የገባ ማመልከቻ በማግስቱ አይፈጸምም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ስለሆነ በተበላሸ ባነር ላይ የሚያልፈው ሰዓትም ዋጋው ከፍ ብሏል።

መብራት ድንገት ሲሄድ ሰው የሚያስበው የተቋረጠውን ባነር ነው። አሥራ ሁለት ሜትር የነበረው ዘጠነኛው ላይ ሲቆም ፍሌክሱ ተበላሸ፣ እሺ። ከባዱ ግን ሌላው ነው። ሄዱ መሐል ሜዳ ላይ ቀርቷል፤ ከታች የሚሸፍነው ክዳን ያለው ማሽኑ ጫፍ ላይ ነው። በጅግጅጋ የጂላል አየር ውስጥ ክፍት የቀረ ሄድ ቀለሙ አፉ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ልጁ በጨለማ ዘሎ ተነስቶ ሄዱን የተሸከመውን ሰረገላ በእጁ እየገፋ ወደ ክዳኑ ይመልሰዋል። ጥሩ ልጅ ይህን ያውቃል፤ አዲስ ልጅ ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ይሮጣል። ኮምፒውተሩንና ሰረገላውን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይህን ያድናል። ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም፤ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ኧርዝ የሚባለውን ነገር ደግሞ ኤሌክትሪሻኖቻችን ጠልተውታል። «እዚህ አያስፈልግም» የሚል መልስ የሰማሁት ከብዙ አፍ ነው። ፍሌክስ ፕላስቲክ ነው፤ ከሮሉ እየተላቀቀ ሲሄድ ሙሉ ቀን ይፋተጋል። በደረቅ አየር እጅህን ብታስጠጋ ጸጉርህ ይቆማል። ያ ክምችት የሚወርድበት ካላገኘ በሄዱ በኩል አድርጎ ቦርዱን ይመታል። ከመምታቱ በፊት እንኳ የቀለሙን ጠብታ ከመንገዱ ያስታል፤ የፊደሉ ጠርዝ ይጸጉራል፤ የቦታው አቧራም ተስቦ ፍሌክሱ ላይ ይለጠፋል። ኧርዝ ማለት ለዚህ መውረጃ መስጠት ነው። የመዳብ ዘንግ ጥልቅ ተቆፍሮ ይቀበራል፣ ዙሪያው በከሰልና በጨው ይሞላል፣ ውሃ ይጠጣል። በእርጥብ መሬት ይህ ለዓመታት ይበቃል። በእኛ መሬት ግን በጂላል አፈሩ ሲደርቅ መዳቡ ከአፈሩ ጋር ይለያያል፤ ስንጥቁ ዙሪያውን ይከፈታል። ስለዚህ ጉድጓዱ ክዳን ኖሮት፣ ቱቦ ገብቶለት፣ በደረቁ ወራት በየጊዜው ውሃ መጠጣት አለበት። አንድ ባልዲ ውሃ። ቴስተሩን በኒውትራሉና በኧርዙ መካከል ከትተህ ስትለካ ከሁለት ከሦስት ቮልት በላይ ካሳየህ ችግር አለ ማለት ነው፤ ሃያ ያየሁበት ቤት አለ፣ ማሽኑም እየሠራ ነበር። ባለቤቱን ለመንኩት፣ ነገ አለ። ነገ አልደረሰም፤ ቦርዱ ተቃጠለ።

አቧራውን በተመለከተ የሚያጽናናኝ ሰው አላገኘሁም። ነፋሱ በረከትም ነው፣ አልክድም፤ በሲቲ ዞን አይሻ ላይ የተተከሉት የነፋስ ማማዎች 120 ሜጋ ዋት እንዲሰጡ የታሰቡት በዚሁ በምሥራቁ ነፋስ ነው። እኛ ዘንድ ግን ይኸው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ በላሜራው በር ሥር ዱቄት ያስገባል። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ይገባል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይገባል። የሄዱ ቀዳዳዎች ከሰው ጸጉር ይቀጥናሉ፤ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይደፍናቸዋል። ኮርኒስ መምታት፣ ክፍተቱን በሲሚንቶ መድፈን፣ ከበሩ ውስጥ ሁለተኛ በር ማቆም፣ ከውጭ የሚገባውን አየር በማጣሪያ ማሳለፍ፣ ወለሉን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል። የረቀቀ ነገር የለበትም። እርጥቡ ጨርቅ ሌላም ጥቅም አለው። ማሽኑ የሚፈልገው እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው፣ በጂላል ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለው ከዚያ በእጅጉ ይወርዳል። በካረን ዝናብ ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆንና ቀለሙ አልደርቅ ይላል። በር መዝጋትን በመሰለ ቀላል ነገር ላይ መከራከር የለብንም ነበር፤ ግን «ማሽን ቤት በር ተዘግቶ ደንበኛ በየት ይግባ» ይባላል። በሩ ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይውላል።

ጅግጅጋ ቢያንስ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዝቀዝ ትላለች። ሽንሌና ኤረር፣ ከዚያም አልፎ ደወሌ ያሉት ወንድሞቻችን ያሳዝኑኛል። እዚያ ያለ ኤሲ ማሽን መክፈት አይሞከርም፤ ኤሲው ደግሞ መብራቱን ከማሽኑ በላይ ይበላል። ቀለም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተደረደረ ወፍሮ ይበላሻል። እነሱ ዘንድ ወፍራም የብሎኬት ግድግዳና በደንብ የተለበደ ጣሪያ ከኤሲውም ይቀድማል።

ሽማግሌዎች «ድሮ ማተሚያ በየትም ቤት ይሠራ ነበር» ይሉናል። ምሥራቁ ለኅትመት አዲስ እንዳልሆነ እኔም እመሰክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1905 የካፑቺን ሚስዮናውያን ሐረር ላይ በቅዱስ አልዓዛር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማዕከል «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተባለውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማተም ጀምረው ነበር፤ ማተሚያው ቆይቶ ባቡሩ ወዳለበት ድሬዳዋ ወርዷል። አዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1914 ዓ.ም. ነው። ግን የዚያ ዘመን ማሽን ብረትና የእርሳስ ፊደል ነው። አቧራ ቢገባበት በጨርቅ ይጠረጋል፣ ዘይት ይቀባል፣ ይቀጥላል። መብራት ቢሄድ በእጅ የሚዞር አለ። የዛሬው ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ በእርሳስ ፊደል ልማድ ልናስተዳድረው አንችልም።

ስለ ልጆቹ ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። የሶልቬንት ቀለም ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይተኛል። ሰው ግን ፋኑን ከጣሪያው ሥር ይሰቅለዋል፤ ታች ያለው ባለበት ይቀራል። ጎንበስ ብሎ ሮል የሚያስገባው፣ ከሥር የወደቀውን የሚለቅመው ልጅ የሚተነፍሰው ያንን ነው። ሲመሽ ዓይኑ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ምግብ ይጠላዋል። «የግመል ወተት ጠጣ» ይሉታል። ወተት ጥሩ ነው፣ ግን ሳንባ አያጥብም። የሚያስፈልገው ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ የተበሳ ቀዳዳና ወደ ውጭ የሚስብ ፋን፣ ከትይዩው ደግሞ ንጹሕ አየር የሚገባበት ነው። አንድ ቀን የግንበኛ ሥራ። ጓንትና ማስክ እንኳ የሚገኘው በስንት ልመና ነው።

እሳቱም አለ። በዚህ አገር ሲመሽ ሱቅ ውስጥ ኡንሲ የሚባለው ዕጣን ይጨሳል፤ ደንብ ነው፣ እኔም ሽታውን እወደዋለሁ። ማጨሻው፣ ዳብቃዱ፣ ግን ፍም የያዘ ነው። የሄድ ማጠቢያ ሶልቬንት ጀሪካን በተከፈተበት ክፍል ጥግ ፍም ተቀምጦ አይቻለሁ፤ አጠገቡ ሲጋራም ይለኮሳል። የእሳት ማጥፊያው ተገዝቶ ከሆነ ከሮሎቹ ጀርባ ነው ያለው። የታጠበበት ፈሳሽ ደግሞ ማታ ማታ ቦይ ውስጥ ይደፋል። ውሃ በቢርካ አጠራቅሞ የሚጠጣ ሕዝብ መሃል፣ ፍየል ከቦይ በምትጠጣበት ከተማ፣ ይህን ማድረግ ኃጢአት ነው። ክዳን ያለው በርሜል ማስቀመጥ ማንንም አያከስርም።

ሻጮቹንም ዝም አልላቸውም። አንድ ሻጭ ማሽን ሲሸጥልን «ሰክተህ ማተም ነው» አለን። ቤቱን ሳያይ፣ መብራቱን ሳይጠይቅ። ገጣሚው ሲመጣ ገጠመ፣ አንድ ባነር አተመ፣ ፎቶ አነሳ፣ አስፈረመን፣ ሄደ። ሄዱ በተደፈነ ጊዜ ስንደውል «አቧራ አለ፣ ዋስትናው አይሸፍንም» ተባልን። አቧራው በመጣበትም ቀን ነበር። ሳይሸጥ በፊት አንድ ሰው ልኮ ክፍሉን ቢያስለካ፣ ኧርዙን ቢያስፈትሽ፣ ይህ ካልተሟላ አልገጥምም ቢል ለእሱም ለእኛም በጎ ነበር።

ይህን ሁሉ አሟልተው የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ማሽናቸው ዓመታት ሄዷል፣ ልጆቻቸው አይታመሙም፣ ባነራቸው ጥርት ያለ ነው። እነሱም ቢሆኑ ግን ከኪራይ አላመለጡም። ውላቸው የአንድ ዓመት ነው። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል የሰጠው ለመኖሪያ ቤት ተከራይ ነው፤ ሱቅና ወርክሾፕ ውስጡ የሉም። ስለዚህ ጥቁሩን አፈር አውጥተህ፣ ኮንክሪት ሞልተህ፣ ሦስት ፌዝ አስገብተህ፣ መዳብ ቀብረህ፣ ኮርኒስ መትተህ ዓመቱ ሲሞላ «ቤቱ አሁን ማሽን ቤት ሆኗል» ተብሎ ኪራዩ ይጨመርብሃል። ካልተስማማህ ማሽኑን ፈተህ ትወጣለህ፤ ወለሉን ጠቅልለህ አትወስድ፣ ዘንጉንም ነቅለህ ሌላ ቦታ አትተክል። ቤት ሳያዘጋጁ ማሽን የሚያስገቡትን ስወቅስ ብዙዎቹ የሚመልሱልኝ ይህንን ነው፤ የሰው ቤት ለምን ልሥራ ይላሉ። ለዚህ መልስ የለኝም። የምንለምነው የአምስት ዓመት ውል ነው፤ እሱ ካልሆነ ለወለሉና ለመብራቱ ያወጣነው ደረሰኙ ታይቶ ከኪራይ ላይ ቀስ እያለ ይቀነስልን። እስካሁን ካነጋገርናቸው አከራዮች እሺ ያለን የለም።